ቴፑ የእኛ ነበር፤ ድምፁስ የማን?

በፍኖተ ሰላም ከተማ በምኖርበት ቤት፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተሸፈነ አንድ ቴፕ ተቀምጧል። ማንጠልጠያ እጀታ ያለው፣ ራዲዮንና ካሴትን በአንድነት የያዘ፣ በስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ለጥምቀት በዓል ሊጠይቀኝ የመጣው የእኅቴ ልጅ ጨርቁን ገልጦ ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህን እስካሁን ለምን ያስቀምጡታል? በዚህች ስልክ ውስጥ እኮ ሦስት ሺህ ዘፈን አለኝ» አለኝ። ለጊዜው ስቄ አለፍሁት። ጥያቄው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ እውነተኛውን መልስ ለመስጠት ከአርባ ዓመት በፊት የፈጸምሁትን አንድ በደል ማንሣት ነበረብኝና። ከዚያ በደል ጋር ተያይዞ የሚነሣ፣ ውድ አንባብያን ከእኔ ጋር እንዲመረምሩት የምፈልገው ጉዳይ አለ። ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ የራሱ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ዕቃው የሌላውን ሰው ድምፅ የሚይዝና የሚናገር በሆነ ጊዜ ባለቤትነቱ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል?

ቴፑን የገዙት አባቴ ናቸው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ በ1970 ዓ.ም. ክረምት ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ይዘውት መጡ። ጊዜው በአገራችን የዘፈን አያያዝ የተለወጠበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ቀደም አምኃ እሸቴና ሌሎች አሳታሚዎች ዘፈንን ያወጡ የነበረው በሸክላ ሲሆን፣ ሸክላና ማጫወቻው በአብዛኛው የከተማ ሰው ዕቃዎች ነበሩ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) ለዓለም ያስተዋወቀው ትንሹ ካሴት ግን በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ሸክላውን ከገበያ አስወጥቶ፣ በነጋዴ ከረጢትና በአህያ ጭነት መካከል ተሸጉጦ ገጠር ገባ። ቡሬ ገበያ በርበሬውን ሽጦ የሚመለስ ገበሬ ከጨውና ከላምባ ጋር ካሴት ይዞ መመለስ ጀመረ፤ ማጫወቻ የሌለው እንኳ ማጫወቻ ላለው ጎረቤቱ ይገዛ ነበር።

ማጫወቻ ያለው ጎረቤት እኛ ነበርን። ድንጋዩ ሲደክም ከአጥር ሥር ለፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ለጥቂት ሰዓት ነፍስ ይዘራል። ካሴቱን ወደ ኋላ ለመመለስ ድንጋይ እንዳይባክን፣ በቀዳዳው የቢክ እስክሪቢቶ ሰክተን በእጃችን እናሽከረክራለን። ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተና እየወፈረ ይመጣል፤ እኛ ልጆቹም «ደከመው! ደከመው!» እያልን እንስቃለን። ስድስት ድንጋይ በአንድ ጊዜ መግዛት ለመምህር ደመወዝ ቀላል ስላልነበረ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ያዋጣ ነበር። አንዱ እንቁላል ይልካል፤ ሌላው ከቡሬ ሲመለስ አንድ ሁለት ድንጋይ በኪሱ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማታ ቴፑ ከበረንዳው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ከበረንዳው ፊት ያለው ሜዳም በሰው ይሞላል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ሱማ ቴኦሎጂካ ስለ ንብረት ሲያስተምር ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ያያል። አንደኛው ዕቃን የማግኘትና የማስተዳደር ሥልጣን ሲሆን፣ ሰው ለራሱ ለሆነው ይበልጥ ስለሚተጋና ሥርዓትም በዚህ ስለሚጠበቅ ይህ ለእያንዳንዱ የተፈቀደ ነው። ሁለተኛው መጠቀም ነው፤ በዚህ ረገድ ግን ሰው ያለውን ለብቻው እንደ ተሰጠው አድርጎ ሳይሆን፣ ለተቸገረው ለማካፈል ዝግጁ ሆኖ እንደ ጋራ ሊይዘው ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ሬሩም ኖቫሩም በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ይህንኑ ትምህርት መልሰው አንሥተዋል። የእኛ መንደር ሰዎች የቶማስን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲያዋጡ የሠሩት ይህንኑ ይመስለኛል። ቴፑ የመምህሩ መሆኑን የካደ አልነበረም፤ መስማቱ ግን የሁሉም ነበር። እርግጥ ነው፣ ዘፈንን ማካፈል ቀላሉ ልግስና ነው። ጤፍ ሲካፈሉት ያንሳል፤ ዘፈን ለሃያ ሰው ቢሰማ ለሃያ አንደኛው አይጎድልም። ስለዚህ የቴፑ ባለቤት በዚህ ብቻ ደግ ሰው ነኝ ቢል ብዙ አልደከመም ማለት ነው።

ለዘፋኙ ግን ይጎድልበት ነበር። በዚያ ዘመን በከተሞቻችን የነበሩ ሙዚቃ ቤቶች ባዶ ካሴት ይዞ ለሄደ ሰው በጥቂት ሳንቲም የሌላውን ሥራ ይገለብጡለት ነበር፤ እኛም እንዲሁ አስገልብጠናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት አስቀድሞ የደነገገ ቢሆንም፣ የዘፋኙና የአሳታሚው መብት በዝርዝር የተጠበቀው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት አድርገነዋል ማለት ንጹሓን ያደርገናል ብዬ አላምንም። ሆኖም ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ ወደ ጀመርሁት ልመለስ።

በጋራ መስማትን እንደ መልካም ነገር፣ ለብቻ መስማትን ደግሞ እንደ ስስት የምቆጥርበት ጊዜ ነበር። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979) የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የነበሩት አኪዮ ሞሪታ እንዲሁ ሳያስቡ አልቀሩም፤ ሰው በሰው ፊት ለብቻው ሙዚቃ ቢሰማ ነውር ይሆናል ብለው በመስጋታቸው መሣሪያው ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንዲኖረው ተደረገ። ከዚህም ሌላ ሲጫኑት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ሁለቱ ሰሚዎች እንዲነጋገሩ የሚያስችል ብርቱካንማ ቁልፍ ነበረው። ገዢዎቹ ግን ለብቻቸው መስማትን መረጡ፤ ኋላ የመጡት ዎክማኖችም መሰኪያቸው አንድ ብቻ ሆነ። እኔ ዎክማን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1983 ዓ.ም. ገደማ ከዐረብ አገር በተመለሰች አንዲት ልጅ ጆሮ ላይ ነው። መንገድ ለመንገድ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ስትሄድ ያዩ ሽማግሌዎች ጤንነቷን ተጠራጥረው ነበር። እኔም ከእነርሱ ጋር ነቅፌያታለሁ። ይሁን እንጂ ለብቻ መስማት ሁልጊዜ ስስት አለመሆኑን ከዚያ በፊት አባቴ አሳይተውኝ ነበር፤ ያየሁትን ያስተዋልሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ወንድ ልጃቸው ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ለአራት ዓመት ወሬው ጠፍቶ ነበር። በ1976 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ላይ አንድ ነጋዴ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት አመጣላቸው። ያን ጊዜ በስደት ያሉ ወገኖቻችን ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በሰው እጅ መላካቸው የተለመደ ነበር። ነገሩ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ታላቅ ነጻነት ነው። በወረቀት የሚላክ ደብዳቤ አንባቢ ይፈልጋል፤ እናት የልጇን ሰላምታ የምትሰማው በተማሪ ልጅ አፍ፣ እርሱ እየተንተባተበና የከበደውን ቃል እየዘለለ ነው። ምሥጢርም ቢኖርበት በመጀመሪያ የሚያውቀው አንባቢው ነው። ካሴቱ ይህን መካከለኛ ሰው አስቀረው። ነገር ግን በእርሱ ቦታ ሌላ መካከለኛ ሰው አቆመ፤ እርሱም የቴፑ ባለቤት ነው።

ወሬው ተሰምቶ ኖሮ በዚያ ምሽት ግማሹ መንደር እኛ ቤት ተሰበሰበ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምናደርገው ቴፑ በረንዳ ላይ የሚወጣ መስሎን ነበር። አባቴ ግን ቴፑን ወደ ጓዳ አስገቡት። እናቲቱን በርጩማ ላይ አስቀመጧቸውና ካሴቱን ከከተቱ በኋላ፣ «እትዬ፣ ይህን ሲጫኑ ይናገራል፤ ይህን ሲጫኑ ይቆማል» ብለው ጣታቸውን በቁልፎቹ ላይ አኑረው አለማመዷቸው። ከዚያም ወጥተው በሩን ዘጉት። ሰው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «የእኛስ ልጅ አይደለም ወይ? ድንጋዩንስ ሁላችንም አይደለን ያዋጣነው?» አሉ። አባቴም «መጀመሪያ እናቱ ይስሙት፤ ከዚያ እሳቸው ከፈቀዱ እንሰማለን» ብለው መለሱ። እናቲቱ ከጓዳ የወጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዐይናቸው ቀልቷል። መጨረሻ ላይ ለየሰው ስሙን እየጠራ ሰላም ያለበትን ክፍል መንደሩ እንዲሰማው ፈቀዱ፤ የቀረውን ግን አላሰሙም፤ አባቴም አልጠየቋቸውም።

ሽማግሌው ያነሡት ክርክር ቀላል አልነበረም። በቶማስ ትምህርት ከሄድን መጠቀሙ የጋራ ነው፤ መንደሩም ድንጋይ አዋጥቷል። አባቴ ያዩት ነገር ግን ከቴፑ የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። ዘፋኙ የዘፈነው ለማንኛውም ሰሚ ሲሆን ልጁ የተናገረው ለእናቱ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 31 ላይ፣ ምሥጢራዊ ደብዳቤ የተላከለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን ለሌላ መግለጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ ያነበብሁት ከአባቴ ሞት በኋላ ስለ ሆነ ያውቁት እንደ ነበር ልጠይቃቸው አልቻልሁም። ሕጉ ካሰብነው ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ወረቀቱን በእጁ የያዘው፣ ደብዳቤው በስሙ የተላከለት ሰው እንኳ የፈለገውን ሁሉ ሊያደርግ አልተፈቀደለትምና።

የእናቲቱ ቤት በክረምት ያፈስ ስለ ነበር ካሴቱን በአደራ እኛ ዘንድ አኖሩት። ካሴት ከጀርባው ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ከተሰበረ የቴፑ የመቅጃ ቁልፍ አልጫን ይላል፤ በላዩም ሌላ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። አባቴ ሁለቱንም በቢላዋ ጫፍ ሰበሯቸውና ካሴቱን ከመጻሕፍታቸው መካከል አስቀመጡት።

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የስምንተኛ ክፍልን ትምህርት ጨርሼ ክረምቱን ቤት ውስጥ ነበርሁ። ከራዲዮ ልቀዳው ብዙ ጊዜ የጠበቅሁት አንድ ዘፈን ነበር፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። በእጄ ባዶ ካሴት አልነበረም። የተሰበረው ጥርስ በነበረበት ቀዳዳ ውስጥ የደብተር ወረቀት አጣጥፌ ጠቀጠቅሁና ቀዩን ቁልፍ ተጫንሁ። አንድ ዘፈን ብቻ ብዬ ነበር። ቀጥሎ የመጣውም ግን ጥሩ ሆነ፤ የሚቀጥለውም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ያወቅሁት ኋላ ነው። ጥብጣቡ ሦስት ነጥብ ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት እየተጎተተ፣ በሚቀዳበት ጊዜ በመጀመሪያ በአጥፊው፣ ከዚያም በቀጂው ሔድ ፊት ያልፋል። አጥፊው የቀደመውን ድምፅ ፈጽሞ ካላጸዳ ቀጂው አይጽፍም። ስለዚህ ከአዲሱ ድምፅ ሥር አሮጌው የለም። ብዙ ጊዜ ጆሮዬን ከድምፅ ማውጫው ላይ አስጠግቼ በዘፈኑ መካከል የልጁን ድምፅ ፈልጌአለሁ፤ አይገኝም።

አላውቅም ነበር ብዬ ላመካኝ አልችልም። አለማወቅ ቢሆን ወረቀት አጣጥፌ አልጠቀጥቅም ነበር፤ የተሰበረው ጥርስ «አይሆንም» ብሎኛል። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፣ እናቲቱ ደጋግመው ሰምተውት በቃላቸው ይዘውታል የሚል ነበር። ይህም እውነት ነው። ከሠላሳው ደቂቃ አንዲት ቃል ሳይስቱ ሊደግሙት ይችሉ ነበር። ይህን ማመካኛ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመስከረም፣ ለእንቁጣጣሽ ማግሥት፣ «ልጄ፣ እስቲ ድምፁን አሰማኝ» ብለው መጡ። አባቴ ቤት አልነበሩም። «ድንጋዩ አልቋል» አልኋቸው። በሳምንቱ ሲመጡም ያንኑ መለስሁላቸው። ለመስቀል ዋዜማ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ ዶሮ ሸጠው ስድስት ድንጋይ ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። ቋጠሮውን ፈትተው አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ ሲደረድሩት ቆሜ አየሁ። ከዚያ በኋላ የምለው ውሸት አልነበረኝም። አባቴ ሲመጡ ተናገርሁ። ይገርፉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለእሳቸው ንገር» ብቻ አሉኝ።

ነገርኋቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ሁሉንም?» አሉኝ። መጨረሻው እንደ ቀረ ነገርኋቸው። «እንግዲያው የቀረውን አሰማኝ» አሉ። ካሴቱን ወደ ፊት በፍጥነት ላሳልፈው ስል እጄን ያዙኝ። «እንዳይዘለው። ከመጀመሪያው ይሂድ።» ስለዚህ ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ የጭፈራ ዘፈን አብረን ሰማን፤ እሳቸው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ቆሜ። ከዚያ ዘፈኑ ከመካከሉ ተቆረጠና የልጁ ድምፅ ከአንድ ቃል እኩሌታ ጀመረ፤ የጎረቤቱን ስም እየጠራ ሰላም አለ፤ ተሰናበተ። አራት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጡ ቁጥር እንዲሁ ከመጀመሪያው ነበር የሚሰሙት። ከሱዳን ሌላ ካሴት አልመጣም፤ ልጁም አልተመለሰም።

የወሰደ ይመልስ፣ ያጠፋ ይካስ የሚለው ሥርዓት ለብዙ በደል ይሠራል። አባቴም በዚሁ ሥርዓት መሠረት በዚያ ዓመት በሰው ማሳ ላይ በርበሬ እንድለቅም አድርገው፣ ባገኘሁት ገንዘብ አዲስ ካሴት አስገዝተው እንድሰጣቸው አዘዙኝ። እናቲቱ መርቀው ተቀበሉኝ። ካሴቱ ግን ከነላስቲክ ልባሱ መደብ ላይ ተቀምጦ ኖረ፤ ምን ያደርጉበታል? ነገሩን በንብረት ዐይን ብናየው የጠፋ ዕቃ የለም። ቴፑ የእኛ ነበር፤ የእኛው ነው። ካሴቱ የእሳቸው ነበር፤ ያው በእጃቸው አለ፤ አንዲት ሴንቲ ሜትር ጥብጣብ አልጎደለበትም። የጎደለው በማንም ንብረት ዝርዝር ውስጥ ሊጻፍ የማይችል ነገር ነው።

ምንድን ነው እርሱ? በቃላቸው ይዘውታል ላልሁት ማመካኛ መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ወሬውን ይዘውታል፤ ልጃቸው ደኅና መሆኑን፣ የቀን ሥራ እንደሚሠራ፣ ሌላም እኔ የማላውቀውን ያውቃሉ። የድምፁ ጥቅም ወሬ ማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ ካሴቱ እንደ ባዶ ከረጢት በሆነ ነበር። እሳቸው ግን ይመጡ የነበረው የሚያውቁትን ለማወቅ አይደለም። ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ልጃቸው ያስለዋል፤ የሚለው ጠፍቶት ያመነታል፤ «እማ» ብሎ ይጣራል። የተጠራ ሰው ደግሞ ቃሉን ቢያውቀውም እንደ ገና ይጠራል። ስለዚህ እኔ ያጠፋሁት ልጁ እናቱን የሚጣራበትን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ አባቴም፣ እኔም፣ በር ጠባቂዎች እንጂ ባለቤቶች አልነበርንም። በአማርኛችን ለዚህ ያለው ቃል አደራ ነው፤ አደራ የያዘ ሰው ዕቃው በእጁ፣ በቤቱ፣ በመቆለፊያው ሥር ሳለ የእርሱ አለመሆኑን ሁልጊዜ ያውቃል። በዕቃው የመጠቀም ጉዳይ ሲነሣ ቶማስ የተናገረለት ጋራነትም በዚህ አይፈርስም፤ ቴፑ የሁሉ መሆኑና የልጁ ድምፅ የእናቱ ብቻ መሆኑ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የሚለያያቸው አንድ የጓዳ በር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የአሮጌ መሣሪያ ጨዋታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ እናቶች ቀድሞ በስልካቸው የተቀመጠውን የድምፅ መልእክት ደጋግመው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ስልኩ ሲበላሽ ወደ ጠጋኝ ይወስዱታል። ጠጋኙ ወጣት ፍላሽ ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ይሠራልዎታል ይላል። ምን እንደሚጠፋ አይነግራቸውም፤ እሳቸውም መጠየቅ አያውቁም። በዘመናችን የቴፑ ባለቤት እርሱ ነው። ከመነካካቱ በፊት «እማማ፣ በውስጡ የሚፈልጉት ድምፅ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከአባቴ በር መዝጋት የማያንስ ሥራ ይሠራል።

እናቲቱ በ1998 ዓ.ም. ዐረፉ። ሴት ልጃቸው ካሴቱን አምጥታ «ቴፑ ያለው እርስዎ ዘንድ ነውና ይቀመጥ» ብላ ሰጠችኝ። ምን እንዳደረግሁት ታውቃለች። መሣሪያውን የማኖረው ስለዚህ ነው። ሶኒ እንኳ የካሴት ዎክማንን በጃፓን መሥራት እ.ኤ.አ. በ2010 ስላቆመ፣ እንዲህ ያለ ቴፕ ሲበላሽ መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ ከሞተ ቴፕ ሆድ ነው። ጥብጣቡን የሚጎትተውን የላስቲክ ቺንጋ ሁለት ጊዜ አስቀይሬአለሁ። አሁን ያለው ትንሽ ሰፋ ስለሚል ዘፈኖቹ ከቀድሞው ዘገም ብለው ይሄዳሉ፤ የልጁም ድምፅ በዕድሜ የገፋ ሰው ድምፅ መስሏል።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ነገርሁት። ጥቂት አሰበና፣ በሽቦ አገናኝቶ በግማሽ ሰዓት ወደ ስልክ ሊገለብጠው እንደሚችል፣ ለልጅቱም በቴሌግራም እንደሚልክላት ነገረኝ። ትክክል ነው፤ ጥብጣብም ያረጃል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ እምቢ ብዬ እጄ ላይ ቢጠፋ ሁለተኛ ጥፋት ይሆንብኛል። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ እርሱም እኔም አናውቅም፤ ሦስት ሺህ ዘፈኖቹም ከየት እንደ መጡለት አያውቅም። ስለዚህ ለልጅቱ ደወልሁላትና ጠየቅኋት። ለትንሣኤ ራሷ እንደምትመጣ፣ አስቀድማ ብቻዋን እንደምትሰማውና ከዚያ እንደምትወስን ነገረችኝ። የእኅቴ ልጅም ሽቦውን ትቶልኝ ሄዷል።

ስድስት ድንጋይ ገዝቻለሁ። መሣሪያው ውስጥ ግን ገና አላስገባሁትም፤ ድንጋይ በውስጡ ከቆየ ፈሳሹ ይወጣና ብረቱን ይበላዋል።